ፖታሽ ያጣ ጥጥ በሚዛንም በዋጋም ይቀላል

ጥጥ የሚገዛ ነጋዴ ዓይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው በንጣቱና በንጽህናው ላይ ነው። ፈትል ፋብሪካው ግን የጭረቱን ርዝመት፣ ጥንካሬና ብስለትም ይመዝናል። እነዚህ ሦስቱ ጥጡ መዳመጫ ከመድረሱ ከሳምንታት በፊት በማሳው ላይ የሚወሰኑ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከሒሳብ የሚዘነጋው ፖታሲየም፣ በማዳበሪያ ንግድ ፖታሽ የሚባለው ንጥረ ነገር ነው።

በአገራችን ለረጅም ዓመታት ሲገቡ የኖሩት ማዳበሪያዎች በዋናነት ዳፕና ዩሪያ ነበሩ፤ ሁለቱም ፖታሲየም የላቸውም። ምክንያቱ የኢትዮጵያ አፈር በፖታሲየም የበለጸገ ነው የሚለው የቆየ እምነት ነው። እምነቱ መሠረት ያለው ቢሆንም ለእያንዳንዱ ማሳ ዋስትና አይሆንም። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው አገር አቀፍ የአፈር መረጃ ጥናት ፖታሲየም ያነሰባቸውን አካባቢዎች አሳይቷል። በተጨማሪም ጥጥ ከብዙዎቹ የእርሻ ሰብሎች ይልቅ ለዚህ እጥረት ስስ ነው፤ ማሽላ ያማረበት መሬት ጥጡን ሊያስርበው ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የጥጥ ጭረት አንድ ረጅም ሴል ሲሆን፣ አበባው ከፈካ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ገደማ የሚለጠጠው በውስጡ ባለው የውሃ ግፊት ነው። ግፊቱን ከሚፈጥሩት ዋነኛው ፖታሲየም ነው። ቀጥሎም ቅጠሉ የሠራው ስኳር ወደ ፍሬው ተጉዞ የጭረቱን ግድግዳ ያወፍራል፤ ለዚህም ጉዞ ፖታሲየም ያስፈልጋል። ሲጎድል ጭረቱ ያጥራል፣ ግድግዳውም ይሳሳል። እንዲህ ያለው ያልበሰለ ጭረት ፋብሪካ ውስጥ ይበጣጠሳል፣ ትናንሽ ቋጠሮ ያበዛል፣ ቀለምም እኩል አይቀበልም። በአሜሪካ ገበያ ማይክሮኔሩ ከ3.5 በታች የሆነ ጥጥ ዋጋ ይቀነስበታል፤ ከ4.9 በላይ የሆነውም እንዲሁ።

በአዋሽ ሸለቆ የሚታወቀው አካላ ኤስ ጄ 2 የተሰኘው ዝርያ መነሻው የካሊፎርኒያው ሳን ዋኪን ሸለቆ ነው። በዚያው ሸለቆ ኬኔት ካስማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባደረጉት ሙከራ፣ ፖታሲየም ሲጨመር ምርቱም የጭረቱ ርዝመትና ማይክሮኔርም ከፍ ብሏል። ኤስ ጄ 2 ከተወዳደረው ሌላ ዝርያ ይልቅ በእጥረቱ ተጎድቷል። ይሁንና የዚያ አፈር ሸክላ ፖታሲየምን አጥብቆ የሚይዝ በመሆኑ፣ በሄክታር እስከ 480 ኪሎ ግራም ድረስ ተሞክሯል። ይህን መጠን ወደዚህ መገልበጥ ገንዘብ መበተን ነው።

ባለሀብቱ ቀድሞ የሚያወጣው ወጪ የአፈር ምርመራ ይሁን። ፍሬ በሚሞላበት ወቅት ሰብሉ በቀን በሄክታር ከ2 እስከ 5 ኪሎ ግራም ፖታሲየም ሊስብ ይችላል፤ ሥሩ ደግሞ ያኔ ይደክማል። ምልክቱም ብዙ ጊዜ ከላይ ባሉት ቅጠሎች ላይ ይወጣል፦ ቢጫ ይሆናሉ፣ የነሐስ መልክ ይይዛሉ፣ ጠርዛቸው ይደርቃል፣ ያለጊዜያቸውም ይረግፋሉ። ብዙዎች ይህን በሽታ ወይም መድረስ ይመስላቸዋል። ያን ጊዜ መሬት ላይ መበተን የዘገየ ነው፤ ፖታሲየም ናይትሬት በቅጠል ላይ መርጨት የተወሰነ ማካካሻ ቢሆንም ሙሉውን አይተካም።

በግዥ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ንጹሕ ፖታሲየም ሳይሆን ኦክሳይዱ ነው። 60 በመቶ የሚለው ሙሬት ኦፍ ፖታሽ ንጹሕ ፖታሲየሙ 50 በመቶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ የ50 ኪሎ ከረጢት የሚሰጠው 25 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። እንደ መካከለኛው አዋሽ ጨው ባጠቃው መሬት ደግሞ ሙሬቱ ራሱ ክሎራይድ ያለበት ጨው መሆኑ ይታሰብበት፤ ሰልፌቱ ቢወደድም ክሎራይድ አይጨምርም።

ነጋዴውና ደላላው በበኩላቸው ከፍ ያለ ዋጋ ከመቁረጣቸው በፊት የማይክሮኔርና የጥንካሬ ውጤት ይጠይቁ። ውጤቱ ዝቅ ያለ እንደሆነ ተባይ፣ የውሃ እጥረት ወይም ቶሎ ማርገፍም ምክንያት ሊሆን ስለሚችል፣ ጥፋቱን ወዲያው በፖታሽ ላይ መጫን አይገባም። በሚቀጥለው ወቅት እርሻው ፖታሽ ያገኘና ያላገኘ ሁለት መደዳ ትይዩ ዘርቶ፣ የሁለቱን ጥጥ ለየብቻ ቢያስዳምጥና ቢያስመረምር መልሱ ከራሱ ማሳ ይገኛል።