ሚዛኑን ሳታዩ «ይሁን» አትበሉ

ገና ሲቃረብ ስልኬ ፋታ ያጣል። ከሲልቨር ስፕሪንግም፣ ከቶሮንቶም፣ ከስቶክሆልምም የሚደውል ሰው ጥያቄው አንድ ነው፦ «ቤተሰቡን ደህና ቦታ ልጋብዝ ብዬ ነበር፤ እናንተ ሰፈር ያሉት የቻይና ሲፉድ ቤቶች እንዴት ናቸው?» መልሴን ደጋግሜ ተናግሬ ሰልችቶኛል። ሰምቶኝ የተጠነቀቀም እምብዛም የለም። ስለዚህ ጻፍኩት፤ ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምሰጠው ይህንን ነው።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያችሁን፣ ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ ባላችሁበት አገር ኤምባሲ ጨርሳችሁ ኑ። እንደገባችሁ ሲም ካርድ አውጡ፤ ቴሌብር አስከፍቱ። ዶላራችሁን በባንክ መንዝሩ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተመኑ በገበያ ስለሚወሰን ተደብቃችሁ ለዘመድ ዶላር የምትቆጥሩበት ምክንያት የለም። ይህን ሁሉ ማንም ይነግራችኋል። የማይነግራችሁን ልንገራችሁ።

እኛ ሰፈር፣ አዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ፣ ቻይናዊ እንግዳ አይደለም። ኤምባሲያቸው በዚሁ በጅማ መንገድ ነው። የቀለበት መንገዱን የሠሩትም፣ በለቡ አልፎ ጅቡቲ የሚደርሰውን ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ሐዲድ የዘረጉትም እነሱ ናቸው። ሰው በበዛበት ምግቡም ይከተላል። ከአሮጌው ኤርፖርት እስከ መካኒሳና ለቡ ድረስ ቀይ ፋኖስ የተሰቀለበት በር ስታዩ አትደነቁ። ምግባቸው ይጣፍጣል፤ አትሂዱ አልልም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም። ሽሪምፑም፣ ሸርጣኑም፣ ሎብስተሩም ድንበር ተሻግሮ የሚመጣ ነው፤ ዋጋው የሚነሳውም ከዶላር ነው። ገንዳ ውስጥ የሚዋኘው ሁሉ ደግሞ የባሕር አይደለም። ቆሮሶና አምባዛ የሐይቅ ዓሣ ናቸው፤ ከባቱና ከሐዋሳ የሚመጣውን ያንኑ ቆሮሶ ሰፈር ውስጥ ካለ ዓሣ ቤት በብዙ እጥፍ ባነሰ ዋጋ ታገኙታላችሁ።

እኔ የተቃጠልኩት ከአሜሪካ ተመልሼ አገር በገባሁ በሦስተኛው ወር ነው። ከእነዚህ ቤቶች ወደ አንዱ ስድስት ሰው ጠርቼ አሥራ አንድ ሆነን ተቀመጥን። ይህን አልቆጥረውም፤ በእኛ አገር የተጠራ ሰው ብቻውን አይመጣም፣ የጠራም ይከፍላል። ሂሳብ መካፈል የሚባለውን ልማድ እዚያው ትታችሁት ኑ።

በሩ አጠገብ የመስታወት ገንዳ ነበር። አስተናጋጇ «ጋሼ፣ ዓሣውን ይምረጡ» አለችኝ። የእህቴ ባል ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸኛል። በጣቴ ትልቁን አሳየሁ። አንድ የወጥ ቤት ልጅ በመረብ አወጣው፤ ላስቲክ ውስጥ ከተተውና ውሃው እየተንጠባጠበ ሚዛኑ ላይ ጣለው። ዓሣው ሲራገጥ ቁጥሩ ወጣ ወረደ፤ አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ልጅቷ በቻይንኛ በታተመች ብጣሽ ወረቀት ላይ የሆነ ነገር ጻፈችና «ይሁን?» አለች። «ይሁን» አልኳት። ከኋላዬ ዘመድ ቆሟል፤ ካሜራ ተደግኗል፤ ከአሜሪካ የመጣ ሰው «በስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መታየት ነውር መሰለኝ። ያስከፈለኝ ይህ ይሉኝታ ነው።

ሜኑው ላይ ከዓሣው ስም ጎን የተጻፈው ዋጋ የአንድ ዓሣ አልነበረም። የኪሎም አልነበረም። የ500 ግራም ነበር። ቻይናውያን ገበያ ላይ የሚመዝኑት «ጂን» በሚሉት መስፈሪያ ነው፤ አንድ ጂን ግማሽ ኪሎ ነው። እነሱ ከልጅነታቸው ያደጉበት ስለሆነ አይደናገሩም፤ እኛ ግን ቁጥሩን ስናይ የሳህኑ ዋጋ ይመስለናል። በምሳሌ ላስላላችሁ። ሜኑው 1,800 ቢል፣ ዓሣው ደግሞ 2 ኪሎ ከ300 ግራም ቢመዝን፣ የምትከፍሉት 1,800 አይደለም። በኪሎ ቢሆን እንኳ 4,140 ነበር። በ500 ግራም ሲሆን 8,280 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይታከላል፤ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ቫት ይመጣል፤ 10,474 ብር ደረሰ። ይህ አንድ ዓሣ ብቻ ነው። ሽሪምፑ፣ ሩዙ፣ ቢራው፣ ሳናዝዘው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ለውዝና ሻይ ገና አልተቆጠረም።

ቻይናውያን ራሳቸውም በአገራቸው በዚህ ዓይነት ነገር ተቃጥለዋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ቺንግዳዎ በምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ አንድ ጎብኚ 38 ዩዋን የሚል አይቶ ሽሪምፕ አዘዘ። በልቶ ሲጨርስ 38ቱ የሳህኑ ሳይሆን የአንዷ ሽሪምፕ ዋጋ ነው ተባለና 1,520 ዩዋን ተጠየቀ። ነገሩ አገሩን ሁሉ አነጋገረ፤ ምግብ ቤቱም 90,000 ዩዋን ተቀጣ። እንግዲህ ቋንቋውን የሚያውቀው፣ ፊደሉን የሚያነበው ሰው እንዲህ ከሆነ እናንተ በይሉኝታ ታስራችሁ ምን ልትሆኑ ነው?

ስለዚህ ገንዳው አጠገብ ስትቆሙ አፋችሁን ፍቱ። ዋጋው በኪሎ ነው፣ በ500 ግራም ነው፣ ወይስ በ100 ግራም? ሜኑው ላይ «የዕለቱ ዋጋ» የሚል ካለ ዛሬ ስንት ነው? ውሃው ተንጠፍጥፎ፣ ላስቲኩ ወጥቶ እንደገና ይመዘንልኝ በሉ። ቁጥሩ ሲረጋ ራሳችሁ አንብቡት። ከዚያ ኪሎውና የብሩ ድምር በግልጽ አኃዝ ወረቀቷ ላይ ይጻፍ፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የሚበስለው የመረጣችሁት ዓሣ መሆኑን ከተጠራጠራችሁ የጅራቱ ጫፍ በመቀስ ትንሽ ይቆረጥልኝ ማለት ይቻላል፤ ቻይናውያንም እንዲህ ያደርጋሉ። የግል ክፍል ካስያዛችሁ ቢያንስ ይህን ያህል ብር ካልበላችሁ የሚል ደንብ አለው ወይ ብላችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ። የታተመ የማሽን ደረሰኝም ተቀበሉ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። የጠየቃችሁት መብታችሁን ነው፤ አስተናጋጇም አትቀየማችሁም፤ እሷም ደመወዝተኛ ናት።

ከገንዘቡ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ግን ሌላ ነው። ግብዣውን ያደረግኩት ለአክስቴ ነበር። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ አሜሪካ የሄድኩትም እሷ በሸጠችው ወርቅ ነው። የመጀመሪያው ሳህን ሲመጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ልጄ፣ ይኼ ቅርፊት አለው?» አለችኝ። ሽሪምፕ ነበር። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት እንደማትበላ እኔ ቤቷ ያደግኩት ሰው እንዴት ረሳሁት? ዓሣው ሲቀርብ ደግሞ መጥበሻው የአሳማ ስብ ይነካዋል ወይ ብላ ጠየቀች፤ ልጅቷ እርግጠኛ ሆና መመለስ አልቻለችም። የወንድሜ ሚስት የወሎ ሙስሊም ናት፤ ሶሱ ውስጥ የሩዝ ወይን እንዳለ ስትሰማ ሳህኗን ዝም ብላ ገፋ አደረገችው። አክስቴ ቾፕስቲኮቹን በናፕኪን ጠቅልላ ጎን አስቀመጠቻቸው። ነጭ ሩዝ በማንኪያ በላች፤ በጣም ጥሩ ነው እያለችም አመሰገነችኝ። ያን ሁሉ ብር የከፈልኩት የምወዳቸው ሁለት ሴቶች ተርበው ወደ ቤት እንዲመለሱ ነው።

ስለዚህ ቦታ ከመያዛችሁ በፊት ደውሉ። ማን ምን አይበላም? ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ነው? ጾም ገብቷል? ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ጠረጴዛ ላይ አታስነሱ፤ ሁዳዴ ከሆነ ደግሞ ነገሩን ጨርሶ ተዉት። የሚጋበዘው ሰው «የትም ይሁን፣ እንዳመጣህልን» ቢል አትመኑት፤ እሱም ይሉኝታ ይዞት ነው። የምትጋብዙት እናትና አክስት ከሆኑ፣ ብዙ ጊዜ ደስ የሚላቸው ተጠብሶ የመጣ ቆሮሶ፣ ዳጣና እንጀራ ነው። እሾሁን እየለቀመች የምታጎርሳችሁ እናት ካለቻችሁ ቾፕስቲክ ይህን አይሰጣችሁም።

እና ሂሳቡ። የእኔ ሂሳብ ጠረጴዛው መሐል ነው የተቀመጠው። የወንድሜ ልጅ አነሳው። አስተማሪ ነው። ወረቀቱን አየ፣ ገልብጦ አየው፣ አጥፎ በእርጋታ ወደ እኔ ገፋው። ምንም አላለም። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ 6,000 ብር መሆኑን እያሰባችሁ ያን ወረቀት በእሱ ዓይን ተመልከቱት። በማግስቱ ስልኩ ጀመረ። አንዱ የቤት ኪራይ፣ አንዱ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ አንዷ ለጤና። አልፈርድባቸውም። ለአንድ እራት ይህን ያህል የሚያወጣ ሰው የለኝም ቢል ማን ያምነዋል? ያን ገንዘብ ሜሪላንድ ውስጥ ሌሊት ታክሲ እየነዳሁ፣ ወገቤ እየተቆረጠ እንዳገኘሁት አልነገርኳቸውም፤ በቪዲዮ የላክሁላቸው ሁልጊዜ መኪናውን ብቻ ነበር። እናንተም ይህንኑ እያደረጋችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለ ሥራችሁ እውነቱን ከመምጣታችሁ በፊት ንገሯቸው። ይከብዳል፤ ግን ከመጣችሁ በኋላ ይበልጥ ይከብዳል።

ያም ሆኖ ሄዳችሁ ከበላችሁ፣ ስትገቡ አስተናጋጇን ለብቻዋ ጥሩና ሂሳቡ ጠረጴዛ ላይ እንዳይመጣ ንገሯት። ሻይ ሲቀርብ እጄን ልታጠብ ብላችሁ ተነሱ፤ ካሸሩ ጋ ቆማችሁ ፎቶ ያነሳችሁትን ወረቀት ከደረሰኙ ጋር መስመር በመስመር አስተያዩ፤ ልክ ከሆነ ክፈሉ። ደረሰኙን አጥፋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ፤ ከዚያ ተመልሳችሁ ከአክስታችሁ አጠገብ ተቀመጡ።