ከባሕር ዳር ቋጥኝ ላይ ዓሣ ስለ ማጥመድ

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ቃል ለወንዝ ብቻ ሳይሆን ለውቅያኖስም የሚስማማ መሆኑን ለመረዳት፥ በአውስትራልያ በኒው ሳውዝ ዌልስ ጠረፍ ከቋጥኝ ላይ ሆኖ ዓሣ የማጥመድን ሙያ እንመርምር።

በሲድኒ ከተማ ዙሪያ ያለው ዓለት የአሸዋ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ንብር በንብር የተነጠፈ ስለ ሆነ፥ ሞገድ ሲቦረቡረው ከገደሉ ግርጌ ጠፍጣፋ እርከን ይተርፋል። ከብዙዎቹ እርከኖች ጫፍ ሥር ወዲያው ጥልቅ ውሃ ስላለ፥ አጥማጁ ጀልባ አያስፈልገውም። ሉደሪክ የሚባለው ዓሣ በዓለቱ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ የባሕር ሣር ይመገባል፤ ስለዚህ አጥማጁ ያንኑ ሣር በመንጠቆው ላይ ጠምጥሞ ከተንሳፋፊ ቡሽ በታች ያንጠለጥለዋል። ሞገዱ ዓለቱን ሲመታ ሣሩንና ትንንሾቹን እንስሳት ይነቅላል፤ ነጩ አረፋም ዓሣውን ይሸሽገዋል። እንግዲህ ዓሣውን ወደ ሰው የሚያቀርበውና ሰውን ወደ ባሕር የሚጥለው ያው አንዱ ሞገድ ነው።

«ድንገተኛ ሞገድ ወሰደው» የሚለው አነጋገር ግን ሲመረመር ጉድለት አለበት። በሐይቆቻችን ላይ ነፋሱ ሲቆም ሞገዱም ብዙ ሳይቆይ ጸጥ ይላል። የውቅያኖስ ሞገድ ግን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ከተነሣ ዐውሎ ነፋስ ተጉዞ፥ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ዓለቱን ሊመታ ይችላል። ቁመቱም አንድ ዐይነት አይደለም። ሎንጌት ሂጊንስ የተባለው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው ጥናት የሞገዶች ከፍታ እንዴት እንደሚከፋፈል አስረድቷል። በዚሁ ስሌት፥ ከሞገዶቹ ሲሶ የሚሆኑት ትልልቆቹ በአማካይ 1.5 ሜትር ከፍታ ቢኖራቸው፥ ከ1,000 ሞገድ አንዱ 2.8 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። በየ10 ሴኮንዱ አንድ ሞገድ ቢመጣ 1,000ው የሚሞላው ሦስት ሰዓት ሳይደርስ ነው። ባሕሩን ለ10 ደቂቃ ተመልክቶ ወደ እርከኑ የወረደ ሰው ግን ያየው 60 ሞገድ ብቻ ነው። ትልቁ ሞገድ መምጣቱ አይቀርም፤ የማይታወቀው ሰዓቱ ነው።

ታዲያ አጥማጁ ምን ያድርግ?

1ኛ፥ ዓለቱን ያንብብ። እርጥብ ድንጋይ፥ አረንጓዴ ሣር፥ ወይም ኩንጄቮይ የሚባለው ውሃ የሚተፋ የባሕር እንስሳ ያለበት ቦታ ባሕሩ የሚደርስበት ቦታ ነው።

2ኛ፥ የባሕሩ ሙላት መመለሻውን እንዳይቆርጥበት አስቀድሞ ያስብ፤ ጀርባውንም ለባሕሩ አይስጥ።

3ኛ፥ ብቻውን አይሂድ፤ የማያንሸራትት ጫማና የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይልበስ። በኒው ሳውዝ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሕግ፥ እጅግ አደገኛ ተብለው በተለዩ ቦታዎች ሰደርያውን መልበስ ግዴታ አድርጎታል።

4ኛ፥ ከወደቀ ከዓለቱ ጋር አይታገል፤ ሞገዱ ከሚሰበርበት ርቆ ወደ ውጭ ይዋኝና ተንሳፎ እርዳታ ይጠብቅ። ጓደኛውም ተከትሎት አይዝለል፤ የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውርለት፥ እርዳታም ይጥራ።

ከባሕር ርቀን የምንኖር ተማሪዎችም ከዚህ የምንወስደው ነገር አለ። በክረምት ከወንዝ አፋፍ ቆሞ፥ በላይኛው አገር የዘነበውን ዝናብ ሳያስብ «አሁን ጎደለ» ብሎ የሚገባ መንገደኛ፥ በ60 ሞገድ ስለ 1,000ው ከፈረደው አጥማጅ አይለይም። ደራሽ ውሃም እንደዚያው ሩቅ ተነሥቶ፥ በጠራ ሰማይ ሥር ይመጣል።