ፓፓያ ልትተክሉ ላሰባችሁ፦ ከመበደራችሁ በፊት አንብቡት

ዛሬ የዋጋ ዝርዝር የለም። ከቆላ ድባ አካባቢ አንድ ወንድማችን በውስጥ መስመር ጽፎልኛል። ብድር ወስዶ አንድ ጥማድ የጤፍ ማሳውን በዚህ ሰኔ ፓፓያ ሊተክልበት ነው። «በዓመቱ ገንዘብ ነው አሉኝ» ይላል። ያሉት ውሸት አይደለም፤ ሞቃት ቦታ ላይ ፓፓያ በተተከለ ከ9 እስከ 12 ወር ውስጥ ለለቀማ ይደርሳል። ወሩንና መሬቱን ስሰማ ግን ደነገጥኩ። እኔ ደላላ ነኝ እንጂ የግብርና ባለሙያ አይደለሁም፤ የከሰርኩበት ነገር ስለሆነ ነው የምጽፈው።

ከሦስት ዓመት በፊት ከአጎቴ ጋር ደንቢያ ላይ 60 ችግኝ ተከልን። ጊዜው ሰኔ መጨረሻ፣ መሬቱ ሜዳ፣ ጥቁር ዋልካ። ሐምሌ ላይ ውሃ ሁለት ቀን ተኛበት። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ግንዱ ከታች ለሰለሰ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ወደቀ። የፓፓያ ሥር አየር ካላገኘ ይታፈናል፤ ቀጥሎ ሥር የሚያበሰብስ በሽታ ይገባበታል። ጤፍ የሚችለውን ውሃ ፓፓያ አይችልም።

ስለዚህ ዋልካ ላይ ከሆናችሁ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ ሥሩ፣ በመካከሉ ውሃ የሚወጣበት ቦይ ቅደዱ፣ ችግኙን ጉብታው ላይ ትከሉ። ጉድጓድ ወይም የውሃ ሞተር ያለው ሰው ደግሞ ዝናቡ እስኪወጣ ይታገስና በመስከረም መጨረሻ ይትከል። ውሃ የሌለው በክረምት መትከሉ ግድ ነው፤ እሱ ተዳፋት መሬት ይፈልግ። ጉብታው ለሚቀጥለው ክረምትም ያስፈልጋል፤ ያደገ ዛፍም በውሃ ይሞታል።

ደባርቅና ዳባት ያላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ውርጭ በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል፤ ለእናንተ ፖም ይሻላል። ጎንደር ከተማ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ፍሬው ይዘገያል፣ ጣዕሙም ይቀንሳል። ፀሐይ የሚያገኝ ግድግዳ ሥር አንድ ሁለት ዛፍ ለልጆች ይሆናል፣ ለንግድ አይሆንም። መተማና ቋራ ውሃ ካላቸው ዋናው አገሩ እዚያ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ኪሳራዬ። ከ60ው የተረፉት 22 ነበሩ። ሲያብቡ 13ቱ ወንድ ሆነው አረፉት! ችግኝ ሻጩ «ሁሉም ሴት ነው» ብሎን ነበር። ችግኝን በዓይን አይቶ ፆታውን የሚለይ ሰው የለም፤ የሚታወቀው ከ4 እስከ 6 ወር ቆይቶ ሲያብብ ነው። የወንዱ አበባ በረጅም ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ በብዛት ይወጣል። የሴቷ ወፈር ብሎ ግንዱ ላይ ይለጠፋል። ሁለቱንም ፆታ በአንድ አበባ የያዘ ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ገበያ የሚወደውን ረዘም ያለ ፍሬ የሚሰጠው እሱ ነው። ክቡን የምትሰጠው ሴቷ ናት።

ዘሩን ራሳችሁ ስታወጡ እንግዲህ ከረጅሙ ፍሬ ውሰዱ። ሌላ ወንድ ዛፍ ካላዳቀለው ከሦስቱ ሁለቱ እንደ እናቱ፣ አንዱ ሴት ይሆናል፤ ወንድ አይወጣም። ከክቡ ከወሰዳችሁና ያዳቀለው ወንድ ከሆነ ግማሹ ወንድ ነው። ዘሩን የሸፈነውን የሚያዳልጥ ልባስ አጥባችሁ በጥላ አድርቁት። በአንድ ጉድጓድ ሦስት ሦስት ችግኝ አድርጉና ሲያብቡ አንዱን ብቻ አስቀሩ። መቁረጥ ያሳዝናል፣ ግን ወንድ ዛፍ ብድር አይከፍልም። ሴት ዛፎች ካሏችሁ ለ15 ወይም 20 ሴት አንድ ወንድ ይበቃል።

በጉድጓዶች መካከል 2 ሜትር ተኩል ይሁን፤ አንድ ጥማድ 400 ጉድጓድ ይይዛል። የበሰበሰ ፍግ አትንፈጉት፣ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ በላተኛ ነው። ዱባ ግን አጠገቡ አትዝሩ። ክሽክሽ የሚያስተላልፈው የቅጠል ቫይረስ ዱባንም ስለሚይዝ ነው፤ መድኃኒትም የለውም፣ የታመመውን ነቅሎ ማቃጠል ብቻ።

የእኔ ሙያ ገበያው ነው። ጤፍ ዋጋ ቢወርድ ጎተራ ገብቶ ይጠብቃል። ፓፓያ ጫፉ ላይ ቢጫ መስመር ካሳየ በኋላ የቀናት ዕድሜ ነው ያለው፣ ዋጋ የሚቆርጠውም ገዢው ነው። 400 ጉድጓድ በአንድ ቀን ከተከልክ 400 ዛፍ አንድ ላይ ይደርስብሃል። ለማን ልትሸጠው? ወንድሜ፣ ብድሩን ካልፈረምክ ተወው። ጤፍህን ዝራ፣ ከዳር 40 ጉድጓድ ጀምር፣ በየሦስት ወሩ ጨምር። የመጀመሪያውን ለቀማ ከዐቢይ ጾም ጋር ካገጣጠምከው ደግሞ ጎንደር ያሉ ጁስ ቤቶችን አስቀድመህ አነጋግር። ሲደርስልህ ለእኔም ደውል።

ነገ ጠዋት በቡናና በጤፍ ዋጋ እንገናኝ።