ዜና ሰምተን ሒሳብ እንሥራ፦ ዘይት ለምን ተወደደ?

የዛሬው ትምህርታዊ አምዳችን ስለ ኢኮኖሚ ነው። ኢኮኖሚ ሲባል ብዙዎቻችን የትልልቅ ሰዎች ነገር ይመስለናል። ዜና ላይ «የውጭ ምንዛሪ» ሲሉ ቶሎ ቻናል እንቀይራለን። እኔም እንደዛው ነበርኩ። ግን ባለማወቄ አንድ ሰው አስቀየምኩ። ከሱ ልጀምር።

እናቴ ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ፓስቲና ሻይ ትሸጣለች። ነሐሴ ውስጥ «ሮጥ ብለህ ዘይት ግዛልኝ» ብላ ላከችኝ። የሰጠችኝ ብር አልበቃም። ባለሱቁን «ጋሼ፣ ይሄ ያ የባለፈው ሳምንት ዘይት አይደለም እንዴ? መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ እንዴት ይጨምራል? ይሄማ ሌብነት ነው!» አልኳቸው። ሱቁ በር ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጋሼ አንድም ቃል አልተናገሩም። ብሬን መልሰው ሰጡኝ። እናቴ ስትሰማ በጣም ተቆጣችኝ።

ትምህርት ሲከፈት የማኅበራዊ ጥናት መምህራችን «ከዜና አንድ ወሬ፣ ከሰፈራችሁ አንድ ዋጋ ይዛችሁ ኑ» ብለው የቤት ሥራ ሰጡን። እኔ የዘይቱን ነገር ይዤ ሄድኩ።

1. ዜናው ምን ነበር?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከዚህ በኋላ በገበያ ይወሰናል ብሎ አስታወቀ። ከዚያ በፊት 1 ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ነበር። በዚያው ቀን ከ74 ብር በላይ ገባ። ከዚያ በኋላም እየጨመረ ሄዶ ከ100 ብር አለፈ።

የውጭ ምንዛሪ ማለት የሌላ አገር ገንዘብ ነው። ከውጭ ዕቃ ስንገዛ ሻጩ ብር አይቀበለንም፤ ዶላር ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ዶላሩን በብር እንገዛለን።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ውጭ አገር 1 ዶላር የሚሸጥ ዕቃ አለ እንበል። በፊት 57 ብር ያስፈልገን ነበር። በዚያን ቀን 74 ብር ሆነ። ልዩነቱ 17 ብር ነው። 17ን ለ57 ስናካፍል ወደ 30 በመቶ ይመጣል። መምህራችን «አያችሁ፣ ዕቃው ያው ነው። ውጭ ያለው ሻጭም ሳንቲም አልጨመረም። የተለወጠው የብራችን አቅም ነው» አሉን።

2. ሁሉም ነገር ለምን እኩል አይጨምርም?

ጥቁር ሰሌዳውን ለሦስት ከፈልነው።

ሀ) ከውጭ የሚመጣ፦ ነዳጅ፣ አብዛኛው የፓልም ዘይት፣ ብዙ መድኃኒት። እነዚህን ዶላር በቀጥታ ይነካቸዋል።

ለ) እዚሁ የሚመረት፣ ግን በመኪና የሚመጣ፦ ሽንኩርት፣ ጤፍ፣ ድንች። ሽንኩርት ዶላር አያውቅም። የጫነው መኪና ግን ነዳጅ ይጠጣል። ደግሞ ዝናብ በዝቶ ሽንኩርት ከበሰበሰ ዶላር ባይነካውም ይወደዳል። ይሄ የአቅርቦት ማነስ ይባላል።

ሐ) ዶላር ሲወደድ የሚጠቀም፦ ቡና ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ፣ ከውጭ ዘመድ ገንዘብ የሚላክለት ሰው። አክስቷ ዓረብ አገር ያለች አንዲት የክፍላችን ልጅ «100 ዶላር በፊት 5,700 ብር ነበር፤ በ74 ሲሆን 7,400 ብር ይሆናል» ብላ አሰላች። ቀጥላ ግን «እማዬ ገበያ ስትሄድ ትርፉን ገበያው መልሶ ይወስደዋል» አለች። ሁሉም ሳቀ። መምህራችን ግን «የዋጋ ንረት ማለት ይሄው ነው» አሉ።

3. የድሮው ዘይት ለምን ጨመረ?

የኔ ጥያቄ ይሄ ነበር። በምሳሌ ሠራነው። (ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው።) አንድ ባለሱቅ 10 ጠርሙስ ዘይት እያንዳንዱን በ100 ብር ገዛ። በ110 ቢሸጥ 1,100 ብር ያገኛል። ሲመለስ ጅምላ ሻጩ «አሁን 130 ሆኗል» ይለዋል። በ1,100 ብሩ የሚገዛው 8 ጠርሙስ ብቻ ነው። አትርፎ ሸጦ መደርደሪያው ጎደለ ማለት ነው።

ይሄን ሳይ ጋሼ ትዝ አሉኝና ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ።

አንድ ልጅ ግን እጁን አወጣ። «እሺ ቲቸር፣ ሆን ብሎ ዕቃ የሚደብቀውስ? ያለ አግባብ ዋጋ ጨመሩ ተብለው ሱቆች እንደታሸጉ በዜና ሰምተናል» አለ። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። መምህራችን መልሱን አልሰጡንም። «ስንት እንደጨመረ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደጨመረ ጠይቁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ብለው ደወል ተደወለ።

4. ነገሩ ቤታችን ሲመጣ

በማግስቱ እናቴ ፓስቲውን ከ10 ብር ወደ 15 ብር አደረገችው። አንድ ደንበኛችን «አንቺም ጀመርሽ?» አላት። እሷም እንደ ጋሼ ዝም አለች። በዚያ ሳምንት ሁለት ፓስቲ ይበሉ የነበሩት አንድ ብቻ መግዛት ጀመሩ። ዋጋ ሲጨምር ፍላጎት ይቀንሳል የሚባለውን በራችን ላይ አየሁት። እናቴም የምታቦካውን ዱቄት ቀነሰች።

ከዚያ ሱቅ ሄጄ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «ምን ገባህ?» ሲሉኝ የ8 ጠርሙሱን ሒሳብ ነገርኳቸው። ሳቁና «እኔ እንኳን እንዲህ አድርጌ ማስረዳት አልችልም» አሉኝ።

እናንተም ሞክሩ፦
• ከዜና አንድ ወሬ በደብተራችሁ ጻፉ።
• ከሰፈራችሁ የአንድ ዕቃ ዋጋ ለ4 ሳምንት መዝግቡ።
• ዕቃው ከየት እንደሚመጣ ሻጩን በትሕትና ጠይቁ።
• ማን ተጎዳ? ማን ተጠቀመ? ብላችሁ ጻፉ።

የዚህ ዕትም ጥያቄ፦ ውጭ አገር 2 ዶላር የሚሸጥ ወረቀት 1 ዶላር 57 ብር ሳለ ስንት ብር ነበር? 74 ብር ሲሆንስ? የደብተር ዋጋ በዚያው ልክ ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ለምን? መልሳችሁን በሚኒ ሚዲያ ክበብ ሳጥን ውስጥ ክተቱ። ጥሩውን መልስ በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን።

መልካም የትምህርት ዘመን!