ሐኪሙን ሥራው ላይ ለማየት ፈቃድ ስለመጠየቅ

የታክስ ወቅት በመጣ ቁጥር ቲ4 ይዘው ከሚመጡ ወላጆች ከታክስ ጋር ግንኙነት የሌለው አንድ ጥያቄ ይቀርብልኛል። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሳይንስ ትማራለች፤ ወደፊት ሐኪም ለመሆን ታስባለች፤ አንድ ዶክተር ዘንድ ሄዳ ሥራውን እንድታይ ጓደኞቿ መክረዋታል። «የምታውቀው ዶክተር የለም ወይ? አንድ ቃል ብትናገርልን» ይሉኛል። የሒሳብ ሠራተኛ ከክሊኒክ ባለቤቶች ጋር መተዋወቁ አይቀርም ብለው ነው፤ አልተሳሳቱም። ይሁን እንጂ ይህ ጉዳይ በትውውቅ ከሚቃናበት ይልቅ የሚበላሽበት ጊዜ ስለሚበዛ በዛሬው ዓምዳችን አሠራሩን እንመለከታለን።

እዚህ አገር «ሻዶዊንግ» የሚሉት ተማሪው ሐኪሙን እንደ ጥላ እየተከተለ ሥራውን ማየቱን ነው። ማየት ብቻ። ታካሚ አይነካም፣ ምክር አይሰጥም፣ ፋይል አይከፍትም፣ ገንዘብም አይከፈለውም። አገር ቤት በማትሪክ ውጤቱ ጥቁር አንበሳ የገባ ልጅ ሕመምተኛ ፊት የሚቆመው ትምህርት ቤቱ ራሱ ሲያቆመው ስለነበር፣ ተማሪ በራሱ ጊዜ ሐኪም ፈልጎ «ልከተልዎት» ማለቱ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው።

በቅድሚያ አንድ የተሳሳተ ግምት እናርም። እ.ኤ.አ. በ1970 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት ይህን ያህል የሻዶዊንግ ሰዓት አምጡ አይልም። ሰዓት መቁጠሩ ይበልጡን የአሜሪካኖች ልማድ ነው፤ በእነርሱ ማመልከቻ ላይ ለዚህ የተለየ ቦታ አለው። ስለዚህ መቶ ሰዓት ለመሙላት ከሐኪም ሐኪም መንከራተት አያስፈልግም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ሦስት ግማሽ ቀን አይታ «ይህ ሥራ የእኔ አይደለም» ያለች ልጅ ብዙ ዓመትና ብዙ ሺህ ዶላር ቆጥባለች፤ እኔ በሙያዬ ይህን ትርፍ ብዬ እመዘግበዋለሁ።

አሁን ወደ ሐኪሙ በኩል እንሻገር። ብዙ ሰው የቤተሰብ ሐኪም የመንግሥት ደመወዝተኛ ይመስለዋል። በአልበርታ አብዛኛው ሐኪም ግን በራሱ የሚሠራ ሰው ነው፤ ብዙዎቹም በስማቸው ያቋቋሙት ኮርፖሬሽን አላቸው። ለሕክምናው የሚከፍለው ክፍለ ሀገሩ ሲሆን፣ የቤቱን ኪራይ፣ የሪሴፕሽኒስቷን ደመወዝና የኮምፒውተሩን ወጪ የሚሸፍነው ሐኪሙ ከዚያው ገቢ ላይ ነው። እንግዲህ ለምሳሌ አንድ ሐኪም በግማሽ ቀን 12 ሰዎች ቢያይና ለተማሪዋ ሲያስረዳ በእያንዳንዱ ሰው ላይ 3 ደቂቃ ቢጨምር 36 ደቂቃ ሄደ ማለት ነው። ያ ጊዜ ወይ ከምሳ ሰዓቱ ወይ ከልጆቹ ይቀነሳል። ይህን የተረዳ ጠያቂ «በጋውን በሙሉ ልምጣ» አይልም፤ አንድ ግማሽ ቀን ይለምናል።

ሁለተኛው ነገር ምስጢር ነው። የአልበርታ የጤና መረጃ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ሐኪሙን የታካሚው መረጃ ባለአደራ ያደርገዋል። ክፍሉ ውስጥ ያስገባው ተማሪ የሰማውን ውጭ ቢያወራ ተጠያቂነቱ እስከ ሐኪሙ ይደርሳል። በመሆኑም የምስጢር ጥበቃ ቅጽ ማስፈረሙ ተማሪዋን ስላላመነ አይደለም። በፉትሂልስ ወይም በፒተር ሎሂድ ሆስፒታል ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ እሺ ቢልም በቂ አይሆንም፤ የሆስፒታሉ ፈቃድ፣ የክትባት ማስረጃና ሌላም ወረቀት ይመጣል። ለጀማሪ የግል ክሊኒክ ይቀላል የምለው ለዚህ ነው።

ወላጆች የሚቀየሙብኝ ምክር አሁን ይመጣል። አማርኛ ተናጋሪ ሐኪም ካለ የሁላችንም ልብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እርሱ ነው። ልጅቷን ያውቃታል፣ አባቷን ቤተ ክርስቲያን ያገኘዋል፣ እምቢ ለማለትም ይከብደዋል። ነገር ግን የእርሱ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት እነማን ናቸው? እኛው ነን። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራቸው እናት ሕመማቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ለመናገር ብለው ከከተማው ዳር በሁለት አውቶቡስ መጥተዋል። ጉዳያቸው ምናልባት ለባላቸውም ያልነገሩት ነው። በሩ ተከፍቶ ሲገቡ የጎረቤታቸው ልጅ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ጥግ ላይ ቆማለች። ሐኪሙ «ተማሪ ናት፤ ብትቆይ ቅር ይልዎታል?» ቢላቸው ምን ይመልሳሉ? «ኧረ ግድ የለም የኔ ልጅ፣ ትማር እንጂ» ነው የሚሉት። ከዚያም ስለ ጉልበታቸው ተናግረው፣ የመጡበትን ጉዳይ እንደያዙ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

በይሉኝታ የተሰጠ እሺታ በወረቀት ላይ ፈቃድ ይመስላል እንጂ ፈቃድ አይደለም። ልጅቷ አንዲት ቃል ባታወጣም እናቲቱ ሐኪማቸውን አጥተዋል። ስለዚህ ተማሪዎቻችን በመጀመሪያ የማያውቃቸው ሰው የሚታከምበትን ክሊኒክ ቢጠይቁ እመርጣለሁ። የአገራችን ሰው ሐኪም ዘንድ መሄዱ የግድ ከሆነ ታካሚውን ሪሴፕሽኒስቷ አስቀድማ፣ ተማሪዋ በሌለችበት ትጠይቅ። ታካሚው ትንሽ ካመነታ መልሱ እምቢ ነው ተብሎ ይወሰድ። ይህን ሐሳብ ተማሪዋ ራሷ ብታቀርበው ሐኪሙ ስለ እርሷ ብዙ ይረዳል።

ስለ አጠያየቁ እንነጋገር። የሚጠይቀው ተማሪው ራሱ እንጂ አባቱ፣ አጎቱ ወይም የሒሳብ ሠራተኛው መሆን የለበትም። በልጁ ፈንታ ስልክ የሚደውል ወላጅ ልጁ ገና አልደረሰም ብሎ እንደመሰከረ ይቆጠራል። ክሊኒኩ ደውሎ ወይም በአካል ሄዶ ማናጀሩ ማን እንደሆነ፣ ደብዳቤ በምን መንገድ እንደሚቀበሉ መጠየቅ ይበቃል። ሪሴፕሽኒስቷን በትሕትና ማነጋገር ያስፈልጋል፤ ደብዳቤው ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ መድረስ አለመድረሱ በእርሷ እጅ ነው። ሰው በሞላበት ሰዓት ዶክተሩን በር ላይ መጠበቅ ፈጽሞ አይገባም። የራሳችን ሐኪም ከሆነም ለሕክምና በያዝነው ቀጠሮ ላይ ባናነሳው ይሻላል።

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ይዘቱ ግን ይህን ይመስላል፦

«የተከበሩ ዶክተር፦ በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ሕክምና ለማጥናት አስባለሁ፤ ከመወሰኔ በፊት ግን የቤተሰብ ሐኪም የዕለት ሥራ ምን እንደሚመስል ማየት እፈልጋለሁ። ፈቃድዎ ቢሆን በሜይ ወር ውስጥ ለእርስዎ በሚመች አንድ ግማሽ ቀን ተገኝቼ እንድመለከት እጠይቃለሁ። የምስጢር ጥበቃ ቅጽ እፈርማለሁ፤ የክትባት ማስረጃዬንም አቀርባለሁ። ታካሚዎች አስቀድመው ቢጠየቁና ያልፈቀደ ሲኖር ውጭ ብጠብቅ ደስ ይለኛል። ጊዜው የማይመችዎት ከሆነም እረዳለሁ።»

ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ስለ ሕፃንነት ሕልም፣ ስለ አገራችን ችግር፣ ስለ ውጤቱ ከፍተኛነት ሁለት ገጽ የጻፈ ተማሪ ሥራ የበዛበትን ሰው አድክሟል። ቀኑና መጠኑ ተወስኖ ሲቀርብ ግን ሐኪሙ በአንድ መስመር መመለስ ይችላል። ሁለት ሳምንት ካለፈ አንድ ጊዜ ብቻ ማስታወስ ይፈቀዳል። ከዚያ በኋላ ዝምታው መልስ ነው፤ ቅሬታ ሳይዙ ለሌላ ሐኪም መጻፍ ነው።

የኢሚግሬሽኑ ጉዳይ አጭር ነው። ክፍያ የሌለውና ሥራ የማይሠራበት ማየት በተለምዶ እንደ ሥራ አይቆጠርም። በስተዲ ፐርሚት ያለች ተማሪ ግን ክሊኒኩ ወድዷት «በጋውን ስልክ እያነሳሽ ሥሪ» ቢላት እሺ ከማለቷ በፊት ፐርሚቷ ላይ የተጻፈውን ታንብብ። የጤና ምርመራ ሳያደርጉ በተሰጡ አንዳንድ ፐርሚቶች ላይ በጤና ተቋም መሥራትን የሚከለክል ቃል አለ። በተጨማሪም የካልጋሪው የሕክምና ትምህርት ቤት የሚቀበለው የካናዳ ዜጎችንና ፐርማነንት ሬዚደንቶችን ነው። ወረቀቱ ያላለቀለት ቤተሰብ የልጁን ዕቅድ ከዚህ ጋር አያይዞ ያስላ።

ሦስት ግማሽ ቀን ካዩ በኋላ የምስጋና ካርድ መላክ ተገቢ ነው፤ የድጋፍ ደብዳቤ መጠየቅ ግን አይደለም፤ ሐኪሙ ያየው ልጅቷ ዝም ብላ መቆሟን ብቻ ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የሚገኘው ረዘም ላለ ጊዜ ሲያገለግሉ ነው፤ ለዚህ የሆስፒታልና የአረጋውያን መኖሪያ በጎ ፈቃደኝነት ይሻላል። የፖሊስ ማጣሪያ ወረቀት ስለሚጠይቁና እርሱም ጊዜ ስለሚወስድ፣ ለበጋው የሚያስብ ተማሪ ማመልከቻውን በክረምቱ ወራት ቢያስገባ መልካም ነው።