የመጀመሪያው ቀጠሮ፦ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ፊት ምን ይጠብቀናል?

በየሴሚስተሩ አጋማሽ ወደ ቢሮአችን ከሚመጡት ተማሪዎች መካከል አንዳንዶቹ የሚያነሡት ጉዳይ ስለ ሌንዝ ሕግም ሆነ ስለ ፈተና ውጤት አይደለም። እንቅልፍ እምቢ ካላቸው ወራት ተቆጥረዋል፤ ደብተር ሲገልጡ ልባቸው ይመታል፤ ጨጓራቸው ይነድዳል፤ በምርመራ ግን የተገኘባቸው በሽታ የለም። በመጨረሻ አንድ ወዳጅ «የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ለምን አትሄድም?» ይላቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «እዚያ ገብቼ ምን እባላለሁ?» ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚሁ ጥያቄ ነው። እኛ የፊዚክስ መምህራን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም፤ ሆኖም ጉዳዩ የመለካት፣ የማነጻጸርና የመፈተን ጉዳይም በመሆኑ ከሙያችን እጅግ የራቀ አይደለም።

በቅድሚያ ስሞቹን እንለይ። ሳይካትሪስት የሚባለው በሕክምና ተመርቆ በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ሐኪም ሲሆን መድኃኒት ማዘዝ ይችላል። ሳይኮሎጂስት ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ደግሞ ሕክምናውን የሚሰጠው በዋነኛነት በንግግርና በልምምድ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይካትሪስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ትምህርቱ የሚገኘው በውጭ አገር ነበር። ባለሙያው ጥቂት በነበረበት በዚያ ረጅም ዘመን የአእምሮ ሕክምና ሲነሣ በሕዝቡ አእምሮ የሚመጣው የአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ የሆስፒታሉን ስም እንደ ስድብ የሚጠቀም ሰው ዛሬም አይታጣም። ብዙዎች ከፍለው የግል ባለሙያ የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው የሰው ዓይን ነው። ወደ ግል ባለሙያ የሚሄድ ሰው ባለሙያው የት እንደተማረ፣ የሙያ ፈቃድ እንዳለው፣ ለአንድ ቀጠሮ ስንት እንደሚያስከፍል፣ ቀጠሮ ቢሰረዝ ክፍያው ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ለእነዚህ ጥያቄዎች ቀጥተኛ መልስ የማይሰጥ ባለሙያ ካጋጠመ ሌላ መፈለጉ ይሻላል።

በፊልም የሚታየው ሶፋ ከፍሮይድ የቪየና ክፍል የተወረሰ ነው። ዛሬ በአብዛኛው የሚገኘው ሁለት ወንበር ሲሆን ጊዜውም ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው ቀጠሮ ከሕክምና ይልቅ ወደ ምርመራ ያደላል። ችግሩ መቼ ጀመረ? እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት እንዴት ነው? በቤተሰብ ተመሳሳይ ሕመም ነበረ? መጠጥስ፣ ጫትስ፣ ቡናስ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። በጤናማ ጎልማሳ ደም ውስጥ የካፌይን ግማሽ ዕድሜ 5 ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ተማሪ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የካፌይኑ ግማሽ ገና በደሙ ውስጥ አለ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓትም ሩቡ አለ። ይህን ሳያጣሩ እንቅልፍ ማጣቱን ሁሉ በጭንቀት ማመካኘት ያልተስተካከለ ሚዛን ይዞ እንደ መመዘን ነው። በተመሳሳይ ምክንያት ባለሙያው የደም ምርመራ እንዲደረግ ወደ ሐኪም ሊልክ ይችላል፤ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መድከም ወይም የደም ማነስ ድብርትን የሚመስል ድካም ያመጣልና።

ከጥያቄዎቹ መካከል አንዱ ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» የሚለው። ይህ የሚቀርበው ሰውየው የተለየ አደገኛ ምልክት ስላሳየ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም የሚቀርብ ጥያቄ ስለሆነም ነው። መጠየቁ ሐሳቡን በሰው ልብ ይዘራል የሚለው ፍርሃት በጥናት አልተደገፈም። መልሱ «አዎ» ከሆነ «አዎ» ማለት ይገባል። እንዲህ ያለው ሐሳብ አሁን የበረታበት ሰው ግን የሳምንት ቀጠሮ ሊጠብቅ አይገባውም፤ በዚያው ቀን ከሚያምነው ሰው ጋር ሆኖ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት።

የተነገረው ሁሉ ምስጢር ሆኖ ይጠበቃል ወይ? በመርህ ደረጃ አዎን፤ ወሰን ግን አለው። ሰውየው በራሱ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ግልጽ አደጋ የሚያደርስ ሆኖ ከተገኘ ባለሙያው ዝም ማለት አይችልም። በዚህ ረገድ የሚጠቀሰው የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 የሰጠው ውሳኔ ሲሆን መነሻውም አንድ ታካሚ ለባለሙያው አስቀድሞ የተናገረለት ግድያ ነው። ጥሩ ባለሙያ ይህን ወሰን በመጀመሪያው ቀን ያስረዳል። ካላስረዳ መጠየቅ ነው፤ በተለይም ክፍያውን የሚሸፍነው አባት ወይም አጎት ከሆነ ለከፋዩ ምን እንደሚነገርና ምን እንደማይነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ጥቂት እንበል። በአገራችን ይህን ሙያ ብዙ ጊዜ «የምክር አገልግሎት» እንለዋለን። በዚህም የተነሣ ታካሚው እንደ ሽማግሌ ወይም እንደ ንስሐ አባት የሚመክረው ሰው ይጠብቃል፤ ምክሩ ሳይመጣ ሰዓቱ ሲያልቅ ደግሞ «ዝም ብሎ ሲያዳምጠኝ ዋለ፤ ገንዘቤን በላ» ብሎ ይመለሳል። ነገር ግን ቋንቋችን መካሪን ከአማካሪ ይለያል። መካሪ ይናገራል፤ አማካሪ አብሮ ይማከራል። ባለሙያው ቸኩሎ የማይመክረው ስለ ሰውየው ሕይወት ከሰውየው የበለጠ ስለማያውቅ ነው። በተጨማሪም እኛ በሰምና ወርቅ መናገር የለመድን ነን፤ «ልቤ ተጨነቀ» ለማለት «ጨጓራዬን አመመኝ» እንላለን። ባለሙያውም ከሰሙ ወደ ወርቁ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ቀጠሮ ቢወስድ አይደንቅም።

በመጠባበቂያው ክፍል ወይም በውስጥ አጭር መጠይቅ ሊሰጥ ይችላል። በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ የሆነውና በአማርኛም ተተርጉሞ በአገራችን ታካሚዎች ላይ የተፈተነው ፒኤችኪው-9 ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስለታዩ ምልክቶች ዘጠኝ ጥያቄዎችን ያቀርባል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ስለሚሰጥበት ከፍተኛው ድምር 27 ነው። በብዙ ጥናቶች 10ና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል። ውጤቱ በራሱ የበሽታ ስም አይደለም፤ ቴርሞሜትር 39 ዲግሪ ሲያሳይ ወባ ነው ወይስ ታይፎይድ እንደማይነግረን ሁሉ። ጥቅሙ የሚጎላው በየጊዜው ሲደገም ነው። (አንዳንድ ጸሐፊዎች ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ይለወጣል ለማለት ሃይዘንበርግን ይጠራሉ። የእርሱ መርህ ስለ ቦታና ስለ እንቅስቃሴ መጠን የተነገረ ስለሆነ እዚህ ባይጠራ እንመርጣለን።)

ሕክምናው ይሠራል ወይ? የሳይንስ ተማሪ ይህን መጠየቅ አለበት፤ መልሱም ከሚመስለው የረቀቀ ነው። ሰው ወደ ባለሙያ የሚሄደው ሕመሙ ጫፍ ሲደርስበት ነው። ከፍና ዝቅ የሚል ነገር ሁሉ ደግሞ ጫፉ ላይ ከተለካ በኋላ ሌላ ጊዜ ሲለካ ወደ አማካዩ ማዘንበሉ የስታቲስቲክስ ባሕርይ ነው። እንግዲህ ከአንድ ወር በኋላ ቢሻለው ያሻለው ሕክምናው ነው ወይስ ጊዜው? ሐንስ አይዘንክ የተባለው ሳይኮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጣው ጽሑፍ፣ በኒውሮሲስ ከሚሠቃዩት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ቢታከሙም ባይታከሙም በሁለት ዓመት ውስጥ ይሻላቸዋል ብሎ ሙያውን አናወጠው። ክርክሩ ሊፈታ የሚችለው የታከሙትን ካልታከሙት ጋር በማነጻጸር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ስሚዝና ግላስ 375 ጥናቶችን በአንድነት መርምረው፣ አማካዩ ታካሚ ካልታከሙት 75 በመቶ ከሚሆኑት የተሻለ ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ አሳዩ። ሕክምና ምንም ባይጠቅም ኖሮ ይህ ቁጥር 50 በመቶ በሆነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ሌላ ጥናት እንደሚለው ደግሞ ከ8 ቀጠሮ በኋላ ግማሽ ያህሉ፣ ከ26 በኋላ ሦስት አራተኛ ያህሉ ታካሚዎች የሚለካ መሻሻል ያሳያሉ። ማለትም ጥቅሙ በመጀመሪያ ፈጥኖ ያድጋል፤ ኋላ እየለዘበ ይሄዳል። በአንጻሩ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑ ጎልማሶች በሕክምና ላይ እያሉ ይብስባቸዋል፤ ይህም ሊደበቅ አይገባውም።

ከሁሉም በላይ ልዩነት ያመጣል ተብሎ የሚታሰበው የሕክምናው ዓይነት ነው። ሆኖም በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው መግባባት ቀላል ቦታ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የ295 ጥናቶች ዳሰሳ በመግባባትና በውጤት መካከል ያለውን ተዛምዶ 0.28 ያህል አድርጎታል። ካሬው 0.08 ስለሚሆን ከውጤቱ ልዩነት 8 በመቶ ያህሉ ከመግባባት ጋር የተያያዘ ነው ማለት ነው። ትንሽ መስሎ ቢታይም በዚህ መስክ ትልቅ የሚባል ቁጥር ነው። መግባባት ሲባል መዋደድ ብቻ አይደለም፤ በግቡ መስማማት፣ በሚሠራው ሥራም መስማማት አለበት። ችግሩ እኛ ታላቅን አለመቃወም ስላደግንበት «ዶክተር፣ ይህ መንገድ አልረዳኝም» ማለት ድፍረት ይመስለናል። ባለሙያው ግን ይህን ካልሰማ እንደ ተበላሸ መሣሪያ የተሳሳተ ንባብ ይዞ ይቀጥላል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀጠሮ ይህን አንሥቶ መነጋገር፣ ካልሆነም ባለሙያ መቀየር የታካሚው መብት ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ይጀምራል። አሮን ቤክ በ1960ዎቹ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ በጀመረው የሕክምና መንገድ ሐሳብ እንደ መላምት ይፈተናል። ለምሳሌ አንድ ተማሪ «በክፍል ውስጥ ጥያቄ ብጠይቅ ሁሉም ይስቁብኛል» ብሎ ያምናል እንበል። ባለሙያው «አይስቁብህም» አይለውም። «በመቶኛ ስንት እርግጠኛ ነህ?» ይለዋል፤ «90» ይላል። ትንበያው ይጻፋል፤ በሳምንቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ የሳቁትን ይቆጥራል። ሁለት ሰዎች ቢስቁም የተተነበየው «ሁሉም» ነበርና ቁጥሩ ከትንበያው ጋር ይነጻጸራል። የቤት ሥራው ሳይሠራ ቀርቶ ቀጠሮ ቢደርስ መቅረት አያስፈልግም፤ ያልተሠራበት ምክንያት ራሱ መረጃ ነው። በዚህ ወቅት የተሸሸው ነገር ስለሚነካ ለጥቂት ሳምንታት ጭንቀቱ ሊጨምር ይችላል። ጭማሪው ካልበረደ ለባለሙያው መንገር ያስፈልጋል።

ፀበል የሚጠመቅ ወይም በሼኹ ዘንድ ዱዓ የሚያስደርግ ሰው ይህን ለባለሙያው ቢነግረው መልካም ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ። የታዘዘ መድኃኒት ካለ ግን ሐኪሙን ሳያማክሩ በድንገት ማቋረጥ አደጋ አለው።

የሕክምናው መጨረሻ በድንገት አይመጣም። ቀጠሮው ከየሳምንቱ ወደ ሁለት ሳምንት፣ ቀጥሎም ወደ ወር ይራራቃል። በመጨረሻዎቹ ቀጠሮዎችም ታካሚው ሕመሙ ሲመለስ የሚቀድሙትን ምልክቶች፣ ያን ጊዜ የሚያደርጋቸውን ነገሮችና የሚደውልለትን ሰው በአንድ ገጽ ላይ በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ወረቀቱም በኪሱ ወይም በደብተሩ ውስጥ ይቀመጣል።