የጌም መጠባበቂያ ካርድ አመራረጥ
ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ነጋዴዎች የቀረበ የንግድ ትምህርት

ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ጠንቅቆ ማወቅ እንደሚገባው የታወቀ ነው። እህል የሚገዛ ሰው ከጆንያው መኻል እጁን ሰዶ ዘግኖ ያያል፤ ጨርቅ የሚገዛም በጣቱ አሽቶ ይፈትናል። ዛሬ በየሱቁ መስኮት ተደርድሮ የሚታየው ሚሞሪ ካርድ ግን በእጅ ቢያገላብጡት ምንም አይናገርም። መጠኑ በላዩ ከታተመው ቍጥር በቀር ለዐይን አይገለጥም፤ ቍጥሩን ደግሞ ማተሚያ ያለው ሁሉ ሊያትመው ይችላል።

ነገሩ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ለተጠቃለሉት ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ቸርቻሪዎች በብርቱ የሚያሳስብ ነው። ከመርካቶ ያመጣው ካርድ ተበላሽቶ የተመለሰበት ባለሱቅ በጅማ፣ በአምቦ ወይም በጎጃም መንገድ እንደ ገና ወደ አዲስ አበባ መመላለስ አለበት። የመኪናው ሒሳብና ሱቁ ተዘግቶ የዋለበት ቀን ሲታሰብ ከአንዱ ካርድ የሚገኘው ትርፍ ይህን ኪሳራ አይሸፍንም። ደንበኛው ከሄደ ደግሞ ጉዳቱ ከዚያ የባሰ ነው።

በተለይ በእጅ ለሚያዙ የጌም መጫወቻዎች ካርድ የሚገዛ ሰው ጥንቃቄ የሚያሻው ደንበኛ ነው። መሣሪያው ብዙ ጊዜ ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የመጣ ሲሆን፣ ጌሙን የያዘው ካርትሪጅ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ምትኩን በቅርብ ማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው በጌም ቦይ ዘመን ከተሠሩት ካርትሪጆች ብዙዎቹ የተጫዋቹን ውጤት የሚጠብቁት በውስጣቸው ባለች ትንሽ ክብ ባትሪ ስለ ሆነ፣ ባትሪዋ ስታልቅ የተመዘገበው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ባለቤቱ መጠባበቂያ ቅጂ ለማስቀመጥ ቢፈልግ ተገቢ ነው።

1ኛ/ ካርዱ ከመሣሪያው ጋር ስለ መስማማቱ

ሻጭ ስለ ካርዱ መጠን ከመናገሩ አስቀድሞ ስለ መሣሪያው ዐይነት ይጠይቅ። እስከ 2 ጊጋ ባይት የሚይዘው ካርድ ኤስዲ፣ ከዚያ በላይ እስከ 32 ጊጋ ባይት የሚይዘው ኤስዲኤችሲ፣ ከ32 በላይ እስከ 2 ቴራ ባይት የሚይዘው ኤስዲኤክስሲ ይባላል። መልካቸው አንድ ቢሆንም አሮጌ መሣሪያ አዲሱን ዐይነት ላያነበው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኒንቴንዶ ዲኤስ የራሱ የካርድ ማስገቢያ ስለሌለው፣ ከካርድ ላይ ቅጂ የሚያነበው ማይክሮ ኤስዲ በሚገባበት ልዩ ካርትሪጅ አማካይነት ነው። ከእነዚህም መካከል አር 4 የተባለው የመጀመሪያው ዐይነት ከ2 ጊጋ ባይት የበለጠ ካርድ አይቀበልም። በ2011 የወጣው 3ዲኤስ በአምራቹ መመሪያ መሠረት እስከ 32 ጊጋ ባይት ይቀበላል። የሶኒ ፒኤስፒ ሜሞሪ ስቲክ ዱዎ የተባለውን ስለሚፈልግ ማይክሮ ኤስዲ የሚሠራለት በአዳፕተር ነው። ኒንቴንዶ ስዊች የተለመደውን ማይክሮ ኤስዲ ሲቀበል፣ በ2025 የወጣው ስዊች 2 ግን ጌም የሚጭነው ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ በሚባለው ላይ ብቻ ነው።

ትልቅ ቍጥር ያለው ካርድ ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለትም ስሕተት ነው። የዲኤስ ካርትሪጅ ቢበዛ 512 ሜጋ ባይት ስለ ሆነ፣ መሣሪያው የሚቀበለው እስከ ሆነ ድረስ እውነተኛ የ8 ጊጋ ባይት ካርድ ከ10 በላይ ጌሞችን ይይዛል። ለእንዲህ ያለው ደንበኛ አጠራጣሪ የሆነ የ128 ጊጋ ባይት ካርድ መሸጥ ገንዘቡን ማባከን ነው።

2ኛ/ ስለ ሐሰተኛ መጠን

በካርድ ንግድ ከሁሉ የከፋው ማታለል እንደሚከተለው ነው። በካርዱ ውስጥ ያለው መቈጣጠሪያ እውነተኛ መጠኑ 8 ሆኖ ሳለ ለኮምፒዩተር 64 ነኝ ብሎ እንዲመልስ ይደረጋል። ገዢው መጀመሪያ ጥቂት ጌሞች ሲያስቀምጥበት በደንብ ይሠራል። ከ8 ጊጋ ባይት ካለፈ በኋላ ግን አዲሱ ጽሑፍ በቀድሞው ላይ ይጻፋል፤ ወይም ጨርሶ አይመዘገብም። የፋይሎቹ ስም ግን መታየቱን አይተውም። ጉዳቱ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሚገለጥ ሻጩና ገዢው ሳይስማሙ ይቀራሉ።

መድኀኒቱ መፈተን ነው። ለዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብልዩ፣ ለሊኑክስና ለማክ ኤፍ3 የሚባሉ ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ ይገኛሉ። አሠራራቸውም ባዶውን ካርድ እስከ ጫፉ በታወቀ ጽሑፍ ሞልቶ፣ መልሶ አንብቦ ማመሳከር ነው። ክላስ 10 የተባለ ካርድ በሴኮንድ ቢያንስ 10 ሜጋ ባይት እንዲጽፍ ስለሚጠበቅ፣ በዚህ ፍጥነት 32 ጊጋ ባይት ለመሙላት 53 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ንባቡም ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለው፣ አንድ ሰዓት ለማትረፍ ሲሉ ደንበኛ ማጣት አይገባም። በጅምላ የሚገዛ ሰው ካርዶቹን ሁሉ መፈተን ባይችል እንኳ ከየሣጥኑ ጥቂት ጥቂት አውጥቶ ይፈትን።

በዚህ ጊዜ አንድ ነገር እንዳያሳስት እናስታውቃለን። 32 ጊጋ ባይት የተባለው ካርድ በኮምፒዩተር ላይ 29.8፣ 64 የተባለውም 59.6 ያህል ሆኖ ቢታይ ማታለል አይደለም። አምራቹ በ1,000፣ ኮምፒዩተሩ በ1,024 እያባዙ ስለሚቈጥሩ የመጣ ልዩነት ነው።

3ኛ/ ስለ ሕጉ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቍጥር 2287 ጀምሮ የተሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ሻጩን ዋስ ያደርገዋል። ገዢም በበኩሉ ዕቃውን ለመመርመር እንደ ተመቸው እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ስለዚህ ካርዱን በመጣበት ሳምንት የፈተነ ቸርቻሪ ደረሰኙን ይዞ አስመጪውን ለመጠየቅ ይችላል፤ ሳይፈትን መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠው ግን መብቱን ራሱ ያዳክማል።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራም ቅጂ ባለቤት የሆነ ሰው፣ ቅጂው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ መተኪያ ይሆነው ዘንድ አንድ መጠባበቂያ እንዲያስቀምጥ ይፈቅዳል። የሌላ ሰው ጌሞችን በካርድ ሞልቶ መሸጥ ግን ከዚህ ፈቃድ ውጭ ነው። አስመጪዎችም እ.ኤ.አ. በ2009 የቶኪዮ፣ በ2010 የለንደን ፍርድ ቤቶች እንደ አር 4 ባሉት ካርትሪጆች ንግድ ላይ ለኒንቴንዶ መፍረዳቸውን አስበው፣ ገንዘባቸውን በባዶ ካርድ ላይ ቢያውሉ ከክርክር ይድናሉ።

በመጨረሻም ሻጭ ለደንበኛው ይህን ምክር አይንፈገው፦ ካርድ ጥሩ ቢሆንም አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ሁለተኛ ቅጂ በኮምፒዩተር ላይ ይቀመጥ። በሽያጩም ቀን በደረሰኙ ላይ የካርዱን ዐይነት፣ መጠንና የተፈተነበትን ቀን ይጻፍለት። በደረሰኙ ላይ «ተፈትኗል» የሚል ቃል የሚጽፍ ሱቅ ዋጋው በጥቂት ብር ቢበልጥም ገዢ አያጣም።